የስልክ ዝርዝር ታሪክ በዋግ ኽምራ

በሰቆጣ በመንግሥት ቢሮ የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ወረቀት አለ፤ የስልክ ዝርዝር። ከኃላፊው ጠረጴዛ መስታወት ሥር፣ ከጸሐፊዋ መሳቢያ፣ ከመዝገብ ቤቱ ግድግዳ፣ ከሾፌሩ መኪና ኪስ ውስጥ አይጠፋም። እኔ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ይህን ዝርዝር በመጻፍ፣ በማረምና በማባዛት ነው። መጀመሪያ በታይፕ፣ ቀጥሎ በኮምፒውተር፣ አሁን ደግሞ በሞባይል። የዋግ ታሪክ ሲጻፍ የአገሩ ገዢዎች የነበሩት ዋግሹሞች፣ ውቅሩ ቤተ ክርስቲያን መስቀለ ክርስቶስና ድርቁ ይነሣሉ፤ ሊነሡም ይገባል። ይህን ወረቀት ግን ከቁም ነገር የቆጠረው ሰው አላየሁም። ሰው ከሰው እንዴት ሲገናኝ እንደኖረ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም ብዬ ስለማምን ነው ብዕር ያነሣሁት።

ሰቆጣ ድሮ የጨው ገበያ ነበረች። ከአፋር በረሃ የተቆረጠው አሞሌ በትግራይ በኩል አልፎ እዚህ ይራገፍ፣ ከዚህ ደግሞ ወደ ላስታና ወደ በጌምድር ይጫን ነበር። ነጋዴው የሚያስጠጋውን፣ ዱቤ የሚሰጠውንና አደራ የሚቀበለውን ሰው ስም የሚይዘው በቃሉ ነው። ዝርዝሩ አንድ ቅጂ ብቻ ነበረው፤ ባለቤቱ ሲሞት አብሮት ይቀበራል።

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን ቢሆንም እንደኛ ላለው ደጋ የደረሰው ቆይቶ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በ1945 ዓ.ም. ሲቋቋም ዋግ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር ያለ አውራጃ ነበር። ስለዚህ የሰቆጣ መሥሪያ ቤት ፊቱ ወደ ደሴ ነው፤ ደብዳቤው፣ በጀቱ፣ ሹመቱ የሚመጣው ከደሴ ነው። ስልኩም እንደዚያው ደሴን ይከተል ነበር፤ የአካባቢው መለያ 03 ነበር።

ስልክ በየቤቱ ባልነበረበት ዘመን ሰው የሚገናኘው በጥሪ ወረቀት ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከደሴ አንድ ሰው ዘመዱን ለማነጋገር ሲፈልግ አስቀድሞ ጥሪ ያስይዛል። የሰቆጣው ኦፕሬተር በትንሽ ወረቀት ላይ የተጠሪውን ስም፣ የጠሪውን ስም፣ ከየት እንደሆነና የሚቀርብበትን ሰዓት ጽፎ በመልእክተኛ ይልካል። መልእክተኛው ደግሞ ቤት ቁጥር አይጠይቅም፤ «የእገሌ ልጅ፣ ከእገሌ ቤት ጀርባ» ነው የሚለው። ተጠሪው ገጠር ከሆነ ወረቀቱ ለገበያተኛ ይሰጣል። በታይፕ መሥራት ስጀምር በተረከብኩት ዝርዝር ላይ ለዚህ ሲባል የተሰመረ አምድ ነበር፤ ርእሱ «በማን በኩል» ይላል። ከአምደ ወርቅ ያለ መምህር በቡና ቤቷ ባለቤት በኩል፣ ከዝቋላ ያለ የጤና ረዳት በቄሱ በኩል። በኋላ ኮምፒውተር ሲመጣ ይህ አምድ ትርፍ ነው ተብሎ ተሰረዘ። ያኔም አልተስማማሁበትም፤ ለምን እንዳልተስማማሁ ወደ በኋላ ይታያል።

የታይፑን ዘመን በቅርብ ላሳይ። አንድ ነጭ ወረቀት፣ ሥሩ ካርቦን፣ ሥሩ ስስ ወረቀት፣ እንደገና ካርቦን እየተደረገ አምስት ቅጂ በአንድ ምት ይወጣል። ጣት ጠንከር ካላለ አምስተኛው ቅጂ ላይ 3 እና 8 አይለዩም። አምስተኛው ቅጂ የሚደርሰው ደግሞ ሁልጊዜ ሩቅ ላለው ወረዳ ነው። ዝርዝሩ ታትሞ እንደተበተነ መለወጥ ይጀምራል። አንዱ ይዛወራል፣ አንዱ ይሾማል፣ የአንዱ መስመር ይበጠሳል። ኃላፊው የራሱን ቅጂ በእርሳስ ያርማል፤ ሾፌሩ የሰማውን በራሱ ቅጂ ጥግ ይጽፋል፤ መዝገብ ቤት ያለው እንዳለ ይቀራል። ስድስት ወር ሳይሞላ አምስቱ ቅጂዎች አምስት ዝርዝር ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ ሌሎቹ የማያውቁትን አንድ እውነት ይይዛል። የኮምፒውተር ዐዋቂዎች ዛሬ «ሲንክ» የሚሉት፣ ቅጂዎችን የማስታረቅ ችግር ሁሉ እዚህ ላይ አለ፤ የጎደለው ማሽኑ ብቻ ነበር።

ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ክልል ሲዋቀር ዋግ ኽምራ በአማራ ክልል ውስጥ ዞን ሆነ፤ ሰቆጣም የዞን ከተማ። ለእኛ ጸሐፊዎች ይህ ማለት የዝርዝሩ ራስ ተቀየረ ማለት ነው። የደሴ ቁጥሮች ወደ ታች ወረዱ፣ የባሕር ዳሮቹ በ08 እየጀመሩ ከላይ ተቀመጡ። ሰቆጣ ራሷ ግን በስልክ አሁንም የደሴ ወገን ነበረች። አስተዳደሩ ወደ ምዕራብ ሲዞር ሽቦው በምሥራቅ ቀረ። የቆየ ፋይሉ ደሴ የቀረበት ባለጉዳይ ብዙ ስለነበር የድሮውን ዝርዝር አልጣልኩትም።

ኮምፒውተር ወደ ቢሮአችን ሲገባ ሁሉም ሰው ዝርዝሩ ከእንግዲህ አንድ ይሆናል ብሎ ነበር። የመጀመሪያው እንቅፋት ከፊደሉ መጣ። አንዱ ክፍል በፓወር ግዕዝ ይጽፋል፣ ሌላው በቪዥዋል ግዕዝ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም ዊንዶውስ የራሱን የአማርኛ ፊደል ይዞ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ከቪስታ ጋር ነው፤ ኒያላ የሚባለው። እስከዚያ ድረስ በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ስም ሌላው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት የተቀላቀለበት ውዥንብር ይሆናል። ዝርዝሩን በፍላሽ ይዤ ሄጄ ስከፍተው ቁጥሮቹ ደህና፣ ስሞቹ ግን የማይነበቡ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። ባለቤት የሌለው ቁጥር ለማንም አይጠቅምም። ስለዚህ ወደ ሌላ ክፍል የሚሄደውን ሁሉ አትሜ በወረቀት እሰጥ ነበር፤ እነሱም በራሳቸው ፕሮግራም እንደገና ይጽፉታል። እንደገና በተጻፈ ቁጥር አንድ አኃዝ መሳቱ አይቀርም።

መስከረም 7 ቀን 1998 ዓ.ም. የአገሪቱ ስልክ ቁጥር በሙሉ ተለወጠ። ከዚያ ቀን በፊት የተጻፈ ደብተር፣ ማኅተም፣ የደብዳቤ ራስ፣ የሱቅ ታፔላ ሁሉ በአንድ ሌሊት አሮጌ ሆነ። 03 ወደ 033 ሄደ፣ የባሕር ዳሩ 08 ወደ 058፣ የአዲስ አበባው 01 ወደ 011። ስድስት አኃዝ የነበረው ቁጥር ሰባት ሆነ። በ09 ይጀምር የነበረው ሞባይል 0911 ሆነ። የመለያ ኮዱ ቀላል ነበር፤ አስቸጋሪው በአዲስ አበባ ቁጥሮች ፊት የሚጨመረው አኃዝ ነው፤ እንደ ስልክ ጣቢያው ይለያያል። በ55 የሚጀምረው ፊቱ 1 ሲጨመርበት በ51 የሚጀምረው 5 ተጨመረበት። ስለዚህ «ሁሉም ላይ ይህን ጨምር» ብሎ ማዘዝ አልተቻለም፤ መስመር በመስመር ማየት ግድ ሆነ። ያን ሰሞን የቢሮው ሰው ሁሉ በየደብተሩ ላይ አጎንብሶ ሲያርም አስታውሳለሁ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ሁሉም ቅጂ በአንድ ጊዜ ሲስተካከል አላየሁም፤ ቀኑ ለሁሉም አንድ ስለነበር ማንም የእኔ ትክክል ነው ብሎ ሊከራከር አልቻለም።

ሞባይል በአገራችን በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቢጀምርም ወደኛ የመጣው ዓመታት ቆይቶ ነው። ሲመጣ ዝርዝሩ ከጠረጴዛ ወርዶ ኪስ ገባ። አንድ ሲም ካርድ በብዛት 250 ስም ይይዛል፤ ስሙም አጭር መሆን አለበት። ሰው በላቲን ፊደል መጻፍ ለመደ። አንዱ ኃይሉን በአንድ መንገድ ይጽፈዋል፣ ሌላው በሌላ። በአማርኛ የጻፈውም አልተሻለም፤ ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ለእኛ አንድ ሰው ነው፣ ለማሽኑ ሦስት ሰው። የዞናችን ስም እንኳ በአንዱ ደብዳቤ ኽምራ፣ በሌላው ህምራ፣ በሌላው ሕምራ ተብሎ ይጻፋል፤ «ዋግ» ተለያይቶም ተጣብቆም ይገኛል። ፈረንጅ የሠራው ሶፍትዌር ደግሞ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ አንዱ የአባቱን ስም እዚያ ሲያስገባ ሌላው ሁለቱንም አንድ ላይ ይጽፋል። ሁለት ዝርዝር አዋህድ ሲባል ማሽኑ ጎን ለጎን የተቀመጠውን አንድ ሰው ሁለት አድርጎ ያልፈዋል። መሪጌታ፣ ቄስ፣ ወይዘሮ የሚለው ከስሙ ፊት ሲገባማ ግማሹ ደብር በአንድ ፊደል ሥር ይሰለፋል። እኔ ያወጣሁት ሥርዓት ይህ ነው፦ ማዕረጉ ለብቻው አምድ፣ ስምና የአባት ስም ባለቤቱ ራሱ በሚፈርምበት ፊደል፣ ለመለየት ደግሞ ቁጥሩ። ሰው ስሙን እንዴት እንደሚጽፍ የሚወስነው ራሱ ነው፤ ለማሽን ምቾት ብሎ የሰው ስም መለወጥን አልደግፍም።

ሌላው ዓለም ይህን ችግር በዚያው ዘመን ሲታገልበት ቆይቷል። ቨርሲት የሚባል የኩባንያዎች ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1995 አካባቢ ቪካርድ የሚባለውን የስም ካርድ አጻጻፍ አወጣ፤ ዛሬም ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ ስም ስንላላክ የሚሄደው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ፓይለት የሚባል የፓልም የኪስ ኮምፒውተር በአንድ ቁልፍ ተጭኖ የኪሱን ዝርዝር ከኮምፒውተሩ ጋር ያስታርቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ የስም ዝርዝርን በአንድ ሰርቨር ላይ ለማስታረቅ ካርድዳቭ የሚባለው የጋራ ደንብ ጸደቀ። የካርድዳቭን አሠራር የወደድኩት ለአምስቱ የካርቦን ቅጂዎች ምን ይጎድላቸው እንደነበር ስለነገረኝ ነው። ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ስም ምልክት ይሰጣል፤ ስሙ በተለወጠ ቁጥር ምልክቱም ይለወጣል። አንድ ሰው ያረመውን ሲልክ የያዘው ምልክት አሮጌ ከሆነ ሰርቨሩ አይቀበለውም፤ ከአንተ በፊት ሌላ ሰው ነክቶታልና መጀመሪያ አዲሱን እይ እንደማለት ነው። ለአምስቱ ቅጂ አንድ ዳኛ ማለት ይህ ነው።

እኛ ጋ ዳኛው ሰዓት ነበር፤ ሰዓቱ ደግሞ አይታመንም። ሁለት ፋይል ሲጋጭ ኮምፒውተሩ በሚያሳየው ቀን በኋላ የተነካውን እንመርጥ ነበር። የሰቆጣ መብራት ግን በየጊዜው ይሄዳል፤ የእናት ቦርዱ ትንሽ ባትሪ ያለቀበት ኮምፒውተር መብራት ሲመለስ ቀኑን ከብዙ ዓመት በፊት ወዳለ ጃንዋሪ 1 ይመልሰዋል። ዛሬ የተጻፈው ከዓመታት በፊት የተጻፈ ይመስላል። ከዚህም ሌላ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ያስተካከለ ሠራተኛ ነበር፤ የእሱ ፋይል ምንጊዜም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የቀረ ነው። በፍላሽ ሲገለበጥ አዲሱ እየጠፋ አሮጌው ይቀመጣል። ስለዚህ በዝርዝሩ ራስጌ የታረመበትን ቀንና ያረመውን ሰው ስም በጽሑፍ ማስፈር ጀመርኩ። ማሽኑ የሚለውን ትተን የምናምነው ያን መስመር ነው።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ሰቆጣ ደረሰ። መብራትም ስልክም ተቋረጠ። ያኔ ዝርዝሩ ሦስት ቦታ ተከፈለ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ላፕቶፗን ይዛ ወደ ባሕር ዳር ወጣች። የታተመው ቅጂ ከተማው ውስጥ ከቀረው ተላላኪያችን ጋር ቀረ። ሦስተኛው እኔ ስልክ ውስጥ ነበር፤ ቻርጅ ሲገኝ የሚከፈት፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ዝም የሚል። ባሕር ዳር ያለችው የተፈናቀለ ሰው ባገኘች ቁጥር አዲስ ያወጣውን ሲም ቁጥር ትመዘግባለች። ተላላኪው ስልክ መደወል አይችልም፤ እሱ በየስሙ ጎን ሰውየው የት እንዳለ በእስክሪብቶ ይጽፋል። «ወልድያ ነው»፣ «ልጆቹ እዚህ ናቸው»፣ «አልተሰማም»።

ከተማዋ በታኅሣሥ 2014 ወደ መንግሥት እጅ ከተመለሰች በኋላም መብራት ቶሎ አልመጣም። ሦስታችን ተገናኝተን በጄኔሬተር መብራት ዝርዝሮቹን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። ባልደረባዬ አዲሱ የእሷ ስለሆነ ሌላው ይተው አለች፤ ሎጂኩ ያስኬዳል፣ ማንኛውም ፕሮግራምም የሚያደርገው ያን ነው። ተላላኪያችን ግን ወረቀቱን አለቀቀም። «እትዬ፣ የእኔ ቁጥር አያወጣም፣ ሰው ግን ያወጣል» አለኝ። ያለው ልክ ነበር። ከአበርገሌ የመጣች አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በላፕቶፑ ላይ አዲስ ቁጥር አላት፤ ሲደወል አይነሣም። በወረቀቱ ላይ ደግሞ «እህቷ ወለህ መጠለያ» ተብሎ ተጽፏል። በእህቷ በኩል አገኘናት። የተሰረዘው «በማን በኩል» አምድ ያን ዕለት ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ የነካው የለም። ሁለት መረጃ ሲጋጭም አንዱን በአንዱ ላይ መጻፍ ቀረ። ሁለቱም ይቀመጣሉ፤ ከየት እንደተሰሙና መቼ እንደተሰሙ አጠገባቸው ይጻፋል። ሥራ ይበዛል። ቢሆንም እንደዋግ ባለ አገር፣ በ1977 ድርቅ ቤተሰቡ ተበትኖ በሰፈራ ወደ ወለጋና ወደ መተከል የሄደበት፣ ወጣቱ ለአዝመራ ወደ መተማና ሁመራ ሲወርድ የኖረ ሕዝብ ባለበት አገር፣ አሮጌ አድራሻ ቆሻሻ አይደለም። ጠፍቶ የቀረን ሰው ሊያስገኝ የሚችለው አንዳንዴ እሱ ብቻ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ የሞቱት ጉዳይ ነው። ስም ከአንዱ ቅጂ ሲሰረዝ ሌላው ቅጂ ላይ አለ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ማሽኑ አንዱ ጋ የጎደለ ስም ነው ብሎ መልሶ ያስገባዋል። በጦርነቱ ያጣነው የአንድ ባልደረባችን ስም ከሰረዝነው በኋላ በእኔም በሌሎችም ስልክ ላይ ተመልሶ መጣ። አንዷ ሠራተኛ ለስብሰባ ጥሪ በተራ ስትደውል ለእሱም ደወለች፤ ያነሣችው ባለቤቱ ነበረች። ደዋይዋ ቀኑን ሙሉ ስታለቅስ ዋለች። በደንብ የተሠራ ሲስተም የተሰረዘውንም ይመዘግባል፤ ይህ ስም በዚህ ቀን ወጥቷል የሚል ምልክት አስቀምጦ ከሌላ ቅጂ ቢመጣ አይቀበለውም። የእኛ ፍላሽ ይህን አያውቅም። ስለዚህ አሁን የሞተ ሰው ከዝርዝሩ አይወጣም፤ ቁጥሩ ይነሣል፣ ስሙ ላይ «ዐረፈ» ተብሎ ቀኑ ይጻፋል፣ ወደ መጨረሻው ገጽ ይዛወራል። ሌላ ቅጂ የድሮውን ይዞ ቢመጣ ያ ገጽ ይመሰክራል።

ዛሬ ዋናው ዝርዝር በአንድ የጉግል አካውንት ላይ ነው። የማረም ፈቃድ ያለን ሁለት ሰዎች ነን፤ ሌላው ያያል፣ የተለወጠ ነገር ሲሰማ በቴሌግራም ይልክልናል። ኔትወርክ ሲጠፋ የሚመጣው እርማት በደብተር ይያዝና ኔትወርክ ሲመለስ በተሰማበት ቅደም ተከተል ይገባል፤ ቅደም ተከተሉን ከሳትን የቆየው ወሬ በአዲሱ ላይ ይጫናል። በየወሩ መጀመሪያ ታትሞ፣ ቀኑ ተጽፎበት፣ ለየወረዳው ይላካል፤ የቀድሞው ወር ቅጂ ተመልሶ ካልመጣ አዲሱ አይሰጥም። ወረዳዎቹ በእጅ የጻፉት እርማት የሚደርሰን በዚያ በተመለሰው ወረቀት ጠርዝ ላይ ነውና። ከ2015 መጀመሪያ ጀምሮ ሳፋሪኮም አገልግሎት ስለጀመረ በ07 የሚጀምር ሁለተኛ ቁጥር ያለው ሰው እየበዛ ነው፤ ለእሱ ሌላ አምድ ጨምረናል። ባለፈው ወር ከዝቋላ የተመለሰው ቅጂ በእርማት ብዛት ጠርዙ አልበቃ ብሎት ጀርባው ላይ ቀጥሏል፤ አሁን አንድ በአንድ እየደወልኩ ወደ ዋናው በማስገባት ላይ ነኝ።